ግማሽ ሚሊሜትር ፍለጋ፦ የኮሮላዬ ኢቫፕ ጥገና ማስታወሻ

ማርች አጋማሽ

የቼክ ኢንጂን መብራቱ ዛሬ ጠዋት በራ። መኪናዋ የ2009 ቶዮታ ኮሮላ ናት፣ 1.8 ሞተር። ሥራዬ ሰው ማመላለስ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ እዚህ ቨርጂኒያ በአሌክሳንድሪያና በአርሊንግተን መካከል ስትመላለስ ትውላለች። አነሳሷ ያው ነው፤ ጉልበቷም አልቀነሰም። የብልሽት ኮድ የሚያነበውን ስካነር ከመሪው ሥር ሰካሁት። ያወጣው አንድ ኮድ ብቻ ነው፦ ፒ0456።

የኢቫፕ ሲስተሙ፣ ማለትም የቤንዚኑን ትነት አፍኖ የሚይዘው ክፍል፣ የሆነ ቦታ በትንሹ ያስተነፍሳል ማለት ነው። ቤንዚን መሬት ላይ ይንጠባጠባል ማለት አይደለም። የሚያመልጠው ትነቱ ነው።

ሰሜን ቨርጂኒያ ለምትኖሩ ቀሪውን ማስረዳት አያስፈልግም። መኪናው በየሁለት ዓመቱ የኤሚሽን (የጭስ ልቀት) ምርመራ ማለፍ አለበት፤ ካላለፈ ሬጂስትሬሽን አይታደስም። ቼክ ኢንጂን በርቶ ከሄዳችሁ ደግሞ ገና ሳትጀምሩ ወድቃችኋል። የእኔ የሚታደሰው ሜይ መጨረሻ ላይ ነው። ጊዜ ስላለኝ ራሴ ልሞክረው ብያለሁ፤ የምሠራውንም እዚህ እየጻፍኩ እሄዳለሁ።

በዚያው ሳምንት፣ መፍቻ ከማንሳቴ በፊት

መጀመሪያ ሲስተሙ ምን እንደሚሠራ ልናገር። ያለዚያ የሚቀጥለው ሁሉ ትርጉም አይሰጥም።

ቤንዚን መኪናው ቆሞም ይተናል። በድሮ መኪኖች ትነቱ ቀጥታ ወደ አየር ይወጣ ነበር። ይህ ትነት በፀሐይ ብርሃን ከሌላው የመኪና ጭስ ጋር ተቀላቅሎ ኦዞን ይፈጥራል፤ የሎስ አንጀለስ ሰማይ የታፈነው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ካሊፎርኒያ ከ1970 ሞዴል ጀምሮ መኪኖች ትነታቸውን እንዲይዙ አስገደደች። በዓመቱ ሕጉ በመላው አሜሪካ ሆነ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከታንኩ የሚወጣው ትነት ከሰል ወደ ሞላበት ሣጥን ይሄዳል። ካኒስተር ይሉታል። ከሰሉ ትነቱን ይዞ ያቆየዋል። ሞተሩ ሲሞቅ ኮምፒውተሩ ፐርጅ ቫልቭ የሚባለውን ይከፍትና ሞተሩ ትነቱን ስቦ ያቃጥለዋል። በሌላ በኩል ንጹሕ አየር የሚያስገባ ቬንት ቫልቭ አለ። ፐርጁ ኤሌክትሪክ ካልደረሰው ዝግ ነው፤ ቬንቱ ደግሞ ኤሌክትሪክ ካልደረሰው ክፍት ነው። ይህችን ልዩነት ያዙልኝ፣ ኋላ ትጠቅመናለች።

ከ1996 ጀምሮ አሜሪካ የሚሸጡ መኪኖች ራሳቸውን መመርመር አለባቸው። መጀመሪያ ኮምፒውተሩ እንዲያገኝ የሚጠበቅበት ቀዳዳ 0.040 ኢንች ነበር፤ አንድ ሚሊሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ከ2000 ሞዴል ወዲህ 0.020 ኢንች ሆነ፤ ይህ ግማሽ ሚሊሜትር ነው። ከታንኩ አፍ እስከ ሞተሩ ድረስ ባለው ቱቦ፣ ጎማና መገጣጠሚያ ሁሉ ውስጥ ግማሽ ሚሊሜትር የምታህል ቀዳዳ ካለች መብራቱ ይበራል።

ኮዱ ግን የሚነግረን መጠኑን እንጂ ቦታውን አይደለም። ሰው ገንዘቡን የሚጨርሰው እዚህ ላይ ነው። ኮዱን ኢንተርኔት ላይ ያስገባል፤ አንዱ "ክዳን ነው" ይለዋል፣ ሌላው "ፐርጅ ቫልቭ ነው"፣ ሦስተኛው "ካኒስተሩን ቀይር" ይለዋል። ካኒስተር ደግሞ የዋዛ ዋጋ የለውም። እኔ ቀዳዳውን በዓይኔ ሳላይ ዕቃ አልገዛም። ከክዳኑ በስተቀር፤ እሱ ርካሽ ነው።

ቅዳሜ፣ ክዳኑ

የነዳጅ ክዳኑን አወጣሁት። የጎማ ቀለበቱ ደርቆ ጠርዙ ላይ ተሰነጣጥቋል። የታንኩን አፍ በጨርቅ ጠረግሁና አዲስ ክዳን ገዝቼ ገጠምኩ። ኦሪጅናሉን ነው የገዛሁት። ርካሽ ክዳኖች ላይ ላዩን አንድ ይመስላሉ፣ አንዳንዶቹ ግን የጎማቸው ውፍረት ይለያል።

ክዳን ቀይሮ መብራቱ ወዲያው እንዲጠፋ መጠበቅ አያስፈልግም። ኮሮላዋ ይህን ምርመራ የምታደርገው እየተነዳች ሳለ አይደለም። ጠፍታ፣ ተኝታ ነው። ይህ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

በዚህ ሞዴል ካኒስተሩ ላይ የተገጠመች ትንሽ የኤሌክትሪክ ፓምፕ አለች። መኪናው ከጠፋ ከ5 ሰዓት በኋላ ኮምፒውተሩ ራሱ ይነቃል። መጀመሪያ ፓምፗ አየሩን በ0.020 ኢንች ቀዳዳ በኩል ትስባለች። ቀዳዳዋ ሆን ተብሎ ፓምፗ ውስጥ የተሠራች መለኪያ ናት። ኮምፒውተሩ በዚያች ቀዳዳ የተገኘውን ግፊት ይመዘግባል። ቀጥሎ ቬንቱን ዘግቶ ፓምፗ ከታንኩ በሙሉ አየር እንድትስብ ያደርጋል። ታንኩ ድፍን ከሆነ ግፊቱ ከተመዘገበው በታች ይወርዳል። እዚያ መድረስ ካቃተው ግን የሆነ ቦታ ከመለኪያዋ የሰፋ ቀዳዳ አለ ማለት ነው።

ሞተሩ በ5 ሰዓት ውስጥ ካልቀዘቀዘ ምርመራው ወደ 7 ሰዓት ይገፋል፤ ከዚያም ወደ 9.5። ሙቀቱ ከ4.4 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆን አለበት። ታንኩም እስከ አፉ መሞላት የለበትም።

አሁን መብራቱ ለምን ማርች ላይ እንደበራ ገባኝ። ጃንዋሪና ፌብሯሪ ሌሊቱ ከ4 ዲግሪ በታች ነበር። መኪናዋ ክረምቱን ሙሉ ራሷን መመርመር ትታ ነበር ማለት ነው። ቀዳዳው ዛሬ አልተፈጠረም፤ የታየው ዛሬ ነው።

አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ ስልክ ስደውል ይህን ነገርኩት። "እዚህ ያንን መብራት ማን ያየዋል?" ብሎ ሳቀብኝ። የእሱም ቶዮታ ነው። የቶዮታ መመሪያ እንደሚለው ከሆነ ይህ ምርመራ የሚሠራው ከ2,400 ሜትር በታች ነው። አዲስ አበባ እዚያው ድንበር ላይ ናት፤ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 በላይ። ሽቅብ ሲሉ መመርመሪያው ራሱ ሥራ ያቆማል ብዬው ተሳሳቅን።

ከሳምንት በኋላ

ኮዱን አጥፍቼ ነበር፤ ተመልሶ መጣ። መጀመሪያ በመጠባበቂያ መዝገብ ታየ፣ ቀጥሎ መብራቱ በራ። ይህ ኮድ በሁለት ተከታታይ ምርመራ ካልተገኘ መብራት አያበራም። ስለዚህ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ክዳኑ ደህና ነው፤ ቀዳዳው ሌላ ቦታ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በዚህ ሳምንት አንዲት ተሳፋሪ ከኋላ ተቀምጣ "ቤንዚን ይሸታል" አለችኝ። እኔ ምንም አልሸተተኝም። ግን ከጥቂት ደቂቃ በፊት ታንኩን ሞልቼ ነበር የተነሳሁት። ማስታወሻዬ ላይ አሰፈርኩት፦ ሽታ፣ ከኋላ ወንበር፣ ታንክ ሲሞላ።

ከሥራ በኋላ፣ ፐርጅ ቫልቩ

ፐርጅ ቫልቩ ሞተሩ ላይ ከላይ ስለሆነ ለመድረስ አይከብድም። ሶኬቱን ነቀልኩ፣ ከታንኩ የሚመጣውን ቱቦ አወጣሁና ሞተሩን አስነሳሁ። ኤሌክትሪክ ስለሌለው ዝግ መሆን አለበት። ጣቴን አፉ ላይ አደረግሁ፤ አይስብም። ጥሩ።

ቀጥሎ ሞተሩን አጥፍቼ በእጅ ቫኪዩም ፓምፕ ሳብኩት። መርፌው ወጥቶ እዚያው ቆመ። ከባትሪ 12 ቮልት ስሰጠው ቀጭ አለና ለቀቀ። ቫልቩ ጤነኛ ነው።

ለሚቸኩል ሰው አንድ ምልክት ልንገር። ነዳጅ ከሞላችሁ በኋላ መኪናው ለመነሳት የሚንገዳገድ ከሆነ ፐርጅ ቫልቩ ተከፍቶ መቅረቱን ጠርጥሩ። ያን ጊዜ ሞተሩ የታንኩን ትነት ሁሉ በአንዴ ይውጣል። የእኔዋ እንዲህ ያለ ጠባይ የላትም።

ሐሙስ፣ ላፕቶፑ

እዚህ ሰፈር አንድ አንጋፋ መካኒክ አሉን። ጋሼ ነው የምንላቸው። ድሮ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አካባቢ ነበር የሚሠሩት። አሁን የሰው ጋራዥ ውስጥ ናቸው፤ ግን ያገሬ ልጅ ሲጠራቸው እምቢ አያውቁም። የቶዮታ መመርመሪያ ፕሮግራምና ኬብል አዋሱኝ።

ይህ ፕሮግራም ፓምፗን በትእዛዝ ያስነሳታል። 5 ሰዓት መጠበቅ ቀረ። ግማሽ ሰዓት ገደማ ፈጅቶ ደረጃ በደረጃ ሁሉንም ሠራ፤ መለኪያዋን ሳበ፣ ቬንቱን ዘጋ፣ ታንኩን ሳበ፣ ፐርጁን ከፈተ። ውጤቱ ያው ነው፤ ያስተነፍሳል። ግን ሁለት ነገር አተረፍኩ። አንደኛ፣ መለኪያዋ ትክክለኛ ቁጥር ስለሰጠች ፓምፗ ደህና ናት። ሁለተኛ፣ ቬንቱ ሲዘጋ ግፊቱ ወዲያው ስለተንቀሳቀሰ እሱም ይሠራል።

ቁጥሩ ላይ ያየሁትን ለጋሼ በስልክ ነገርኳቸው። ታንኩ ሲሳብ ግፊቱ መለኪያው ጋ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ቆሟል።

"ትንሽ ቀዳዳ ነው፤ በዓይን አታገኘውም" አሉኝ። "እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጭስ እናስገባለታለን። ታንኩን እንዳትሞላው።"

እሑድ፣ ጭስ

አፓርታማችን ፓርኪንግ ውስጥ መኪና መጠገን አይፈቅድም። ዉድብሪጅ የአክስቴ ልጅ ቤት ሄድን፤ እሱ ግቢ አለው። ጋሼ የጭስ ማሽኑንና አንዲት ትንሽ የናይትሮጅን ሲሊንደር ይዘው መጡ።

የጭስ ማሽን ማለት የማዕድን ዘይት የሚያሞቅ ትንሽ ጣሳ ነው። ዘይቱ ወፍራም ነጭ ጭስ ይሆንና በጣም ዝቅተኛ ግፊት ባለው ጋዝ ተገፍቶ ወደ ሲስተሙ ይገባል። ጎሚስታ ጎማውን ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋ እንደሚፈልገው ነው፤ እዚህ ግን አረፋው ጭስ ነው።

ግፊቱን በተመለከተ ጋሼ ቀልድ አያውቁም። ግማሽ ፒ.ኤስ.አይ (የግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ነው፤ ከአንድ አያልፍም። የጎማ መንፊያ ኮምፕሬሰር ቀጥታ የሚያገናኝ ሰው ሴንሰሩን ይሰብራል፣ ታንኩንም ያሳብጣል። ናይትሮጅን የተፈለገውም በምክንያት ነው። ታንኩ ውስጥ የቤንዚን ትነት አለ። አየር ከጨመርክበት የቀረው ብልጭታ ብቻ ነው። ናይትሮጅን ግን እሳት አይመግብም። ቤታችሁ በጠርሙስና በሻማ ሽቦ የጭስ ማሽን ሠርታችሁ በአየር ልትነፉት ካሰባችሁ፣ ኢንቴክ ማኒፎልድ (አየር ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ክፍል) ላይ ሞክሩት እንጂ ነዳጅ ታንክ ላይ እባካችሁ አይሆንም።

ጭሱን ያስገባነው ከሞተሩ በኩል ነው፣ ከፐርጅ ቫልቩ ነቅለን ወደ ታንክ በሚሄደው ቱቦ። መጀመሪያ የነዳጁን ክዳን ክፍት ተውነው። ትንሽ ቆይቶ ከታንኩ አፍ ጭስ መውጣት ጀመረ። አሁን ሲስተሙ በሙሉ በጭስ ተሞልቷል ማለት ነው። ይህን ሳያረጋግጡ ክዳኑን መዝጋት ጊዜ ማባከን ነው፤ የሆነ ቦታ ቱቦ ተደፍኖ ከሆነ ጭሱ ቀዳዳው ጋ ላይደርስ ይችላል።

ክዳኑን ዘጋሁ። ቬንቱ ኤሌክትሪክ ካልደረሰው ክፍት ነው ብዬ ነበር፤ ስለዚህ ከላፕቶፑ አዝዤ ዘጋሁት። ማሽኑ ላይ ያለችው፣ የጭሱን ፍሰት የምታሳየው ኳስ ወርዳ ዜሮ ላይ መተኛት ነበረባት። አልተኛችም። ከዜሮ ትንሽ ከፍ ብላ ትንሳፈፋለች።

"አለ!" አሉ ጋሼ።

መኪናዋን ከኋላ በክሪክ አንስተን ስታንድ ላይ አስቀመጥናት። ባትሪ መብራት ይዤ ሥሯ ገባሁ። ካኒስተሩ አካባቢ ምንም የለም። ቱቦዎቹ ላይ የለም። ጋሼ የኋላውን ግራ ጎማ አወለቁና ከጎማው በላይ ያለውን የፕላስቲክ መከላከያ ፈቱ። ከጀርባው የተጋገረ ጭቃ ወደቀ። የነዳጅ መሙያው ቱቦ ከዚያ ጀርባ ነው የሚያልፈው። ቱቦውን ከቦዲው ጋር የሚያያዘው ላሜራ ሥር አንዲት ቀጭን ነጭ ክር ወደ ላይ ትወጣለች።

መኪናዋ ወደ እኔ ከመምጣቷ በፊት ኒው ዮርክ ስቴት ውስጥ ነበረች። እዚያ ክረምቱን ሙሉ መንገድ ላይ ጨው ይረጫል። ጨው የያዘው ጭቃ ከፕላስቲኩ ጀርባ ገብቶ አይወጣም፤ ብረቱን ውስጥ ውስጡን ይበላዋል። ውጭው ግን እንደነገሩ ደህና ይመስላል። በካቻቢቴ ጫፍ ትንሽ ስነካው ዝገቱ ተፈረፈረ።

የአክስቴ ልጅ ጭሱን አይቶ "ኤፖክሲ ይዘጋዋል" አለ። ጋሼ ሳቁ። "በእኛ ጊዜ ታንክ ሲያፈስ ሳሙና ነበር የምንለጥፍበት። ሳሙናው ያደርስሃል፤ አያሳልፍህም።" እኔም የእሳቸው ወገን ነኝ። የዛገ ብረት ላይ የተለጠፈ ነገር እስከሚቀጥለው ክረምት ነው። አዲስ ቱቦ አዘዝኩ።

ጾም ስለነበር ምሳ ሽሮ ነበር። ጋሼ እየበሉ የሸረሪቷን ጉዳይ አነሱ። እኔ ቀልድ መስሎኝ ነበር፣ እውነት ነው። በ2011 ማዝዳ ወደ 50 ሺህ የሚጠጉ ማዝዳ 6 መኪኖችን አሜሪካ ውስጥ የጠራው በሸረሪት ምክንያት ነው። አንድ ዓይነት ቢጫ ሸረሪት የቤንዚን ሽታ ይስባታል። ገብታ የኢቫፕ አየር ማስገቢያ ቱቦው ውስጥ ድሯን ታደራለች። ቱቦው ሲደፈን ታንኩ ውስጥ ያለው ግፊት ይወርዳል፤ ሲብስ ታንኩን እስከመሰንጠቅ ይደርሳል። በ2014 ለሌሎች ዓመታት ሞዴሎችም ተደገመ። የአክስቴ ልጅ መኪና ማዝዳ ነው። ሽሮውን ትቶ ተነሳና ሊያያት ሄደ።

ቅዳሜ፣ ቱቦውን መቀየር

ታንኩ ከሩብ በታች ሲደርስ ሥራውን ጀመርኩ። የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈታሁ። እሳት ማጥፊያ አጠገቤ አደረግሁ። የግቢው በር ክፍት ነው፣ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው የለም። ይህን ሁሉ መጻፌ ለጌጥ አይደለም፤ የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይሄዳል። እንዳይሸታችሁ ሆኖ እግራችሁ ሥር ሊተኛ ይችላል።

ብሎኖቹ ዝገዋል። የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ቀድሜ ማታ ረጭቼ ነበር፤ ሁለቱ ወጡ፣ አንዱ ተቆረጠ። ከታንኩ ጋር የሚገናኘው ጎማ ላይ ያለው ፋሸታ (ማጥበቂያው ቀለበት) ደግሞ ከነጎማው ተጣብቋል። ጎማውን በካቻቢቴ መፈልቀቅ ያጓጓል። አታድርጉት፤ የታንኩን አፍ ከጫራችሁ ሌላ ቀዳዳ ፈጠራችሁ ማለት ነው። በፒንሳ ይዤ ቀስ እያልኩ ግራና ቀኝ አዟዟርኩት፤ መጨረሻ ላይ ለቀቀ።

የወጣውን ቱቦ ፀሐይ ላይ ያዝኩት። በላሜራው ሥር ከአንዲቷ ቀዳዳ ሌላ ለመበሳት የደረሱ ቦታዎችም አሉ። ኤፖክሲው እዚህ ምንም አያደርግም ነበር።

አዲሱን ከመግጠሜ በፊት ላሜራው የሚያርፍበትን ቦታ ዝገት መከላከያ ቀባሁት። ፋሸታዎቹን ሁሉ በአዲስ ቀየርኩ። የፕላስቲኩን መከላከያ ከመመለሴ በፊት ደግሞ ጀርባውን በውሃ አጠብኩት፤ ጨው ይዞ ተመልሶ ቢገጠም የደከምኩት ለዚያው ነው።

በዚያው ማታ

ላፕቶፑን ሰክቼ ምርመራውን አስነሳሁ። ግፊቱ ካለፈው በጣም ተሻሽሏል። ግን መለኪያውን አላለፈም። ለጥቂት።

ጋሼ ይህን ጠብቀውት ነበር። "ትልቁ ቀዳዳ ትንሹን ይደብቃል" አሉኝ። ጭሱ ቀላሉን መንገድ ስለሚመርጥ ባለፈው ጊዜ በሙሉ በመሙያው ቱቦ ነበር የሄደው። ሁለተኛ ቀዳዳ ቢኖር እንኳ የሚያየው አልነበረም። ስለዚህ ጭስ አንድ ጊዜ አስገብቶ፣ አንድ ቀዳዳ አግኝቶ "ጨረስኩ" ማለት አይቻልም። ከጥገና በኋላ እንደገና መጨስ አለበት።

የተሳፋሪዋ ነገር ትዝ አለኝ። ከኋላ ወንበር፣ ታንክ ሲሞላ። ለጋሼ ነገርኳቸው።

"የኋላውን ወንበር አንሳው" አሉኝ።

እሑድ

በኮሮላ የኋላ ወንበር ሥር አንድ ክብ የብረት ሽፋን አለ። ከሥሩ የነዳጅ ፓምፑ ታንኩ ውስጥ የሚገባበት አፍ ይገኛል። ወንበሩን አነሳሁ፣ ሽፋኑን ፈታሁ፣ ጭሱን ከፊት አስገባን። መጀመሪያ ምንም አልታየም። የመኪናውን በሮች ዘግተን ነፋሱን ስናቆመው፣ መብራቱንም ከጎን አግድም ስናበራ፣ ከፓምፑ ዙሪያ በአንድ በኩል ጭስ ሲያጨስ ታየ። በጣም ስስ ነው። መብራቱን ከላይ ቢያበሩት አይታይም፤ ከጎን መሆን አለበት።

ፓምፑ የፋብሪካው አይደለም። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ቀይሮታል። አዲስ ፓምፕ ሲገባ የጎማ ቀለበቱም አዲስ መሆን አለበት። እዚህ ግን አሮጌው ተመልሶ ገብቷል፤ ያውም አንድ ጎኑ ተቆንጥጦ። ታንኩ ሲሞላ ትነቱ ወደ ላይ ተገፍቶ በዚያ ይወጣና በወንበሩ ሥር ወደ ውስጥ ይገባል። ተሳፋሪዋ ትክክል ነበረች።

የፓምፑን ፊውዝ ነቅዬ ሞተሩ በራሱ እስኪጠፋ አስነሳሁት፤ ይህ መስመሩ ውስጥ ያለውን የነዳጅ ግፊት ያወርዳል። ከዚያ ባትሪውን ፈታሁ። ፓምፑን ከማንሳቴ በፊት ዙሪያውን ጠረግሁ። አቧራው ታንኩ ውስጥ ቢወድቅ ሌላ ጣጣ ነው። አዲሱን ቀለበት አስቀመጥኩ፣ ፓምፑን ቀጥ አድርጌ አወረድኩ፣ መያዣውን እኩል እኩል አጠበቅሁ። ሥራው ራሱ አጭር ነው።

ጭሱን እንደገና አስገባን። ኳሷ ወረደች፣ ተኛች። ጋሼ ማሽኑ የተዘጋ መስሏቸው ቱቦውን ነቅለው አዩት። ጭስ ፊታቸው ላይ ቦነነ። ማሽኑ እየሠራ ነው። ኮሮላዋ ናት ድፍን የሆነችው።

ከፋሲካ በኋላ

ባትሪው ስለተፈታ የኮምፒውተሩ መዝገብ ሁሉ ጠፍቷል። ምርመራዎቹ በስካነሩ ላይ "አልተጠናቀቀም" ይላሉ። ሁሉም በየጊዜያቸው ይጠናቀቃሉ፤ ኢቫፕ ግን ብዙ ጊዜ የመጨረሻው ነው።

እዚህ ላይ ሁሉም ሹፌር የሚያውቀው ብልሃት አለ። ከ2001 ወዲህ ላሉ ሞዴሎች አንድ ምርመራ ሳይጠናቀቅ እንኳ ኤሚሽን ማለፍ ይቻላል። ስለዚህ ኮዱን ያጠፋሉ፣ ሌሎቹ እስኪጠናቀቁ ይነዳሉ፣ ኢቫፑ ሳይነቃ ሮጠው ያስመረምራሉ። ወረቀቱ ይገኛል። መብራቱ ደግሞ ብዙም ሳይቆይ ይመለሳል። ሰው ቸግሮት ቢያደርገው አልፈርድበትም። ግን ሁልጊዜ የሚበራ መብራት ሌላ ብልሽት ሲመጣ ሊነግርህ አይችልም፤ ቀድሞውኑ በርቷላ። ለእኛ ደግሞ መኪናው እንጀራችን ነው።

እኔ እንዲጠናቀቅ ፈለግሁ። ታንኩን በግማሽ አደረግሁት። ማታ ከሥራ ስመለስ አጥፍቼ እስከ ጠዋት አልነካሁትም። ሌሊቱ 10 ዲግሪ አካባቢ ነበር፤ ለምርመራው ተስማሚ ነው። ጠዋት ከማስነሳቴ በፊት ስካነሩን ሰካሁ። ኢቫፕ፦ ተጠናቋል። በመጠባበቂያም ኮድ የለም።

ሜይ መጀመሪያ

ኤሚሽን አለፈ። ሰውዬው ኬብሉን ሰካ፣ ማሽኑ አነበበ፣ ወረቀቱን ሰጠኝ፤ ከዚህ ሁሉ ልፋት በኋላ እሱ የፈጀበት ጥቂት ደቂቃ ነው።

በጠቅላላ የገዛሁት ክዳን፣ የመሙያ ቱቦ፣ ፋሸታዎችና አንድ የጎማ ቀለበት ነው። ካኒስተሩና ፐርጅ ቫልቩ የድሮዎቹ ናቸው። ለጋሼ የናይትሮጅኑን ከፈልኩ፤ የጉልበታቸውን ግን አልቀበልም ብለው እምቢ አሉ። ለፋሲካ አንድ በግ ላይ ድርሻ ገባሁላቸው።

ነዳጅ ስሞላ የምጠነቀቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ማደያው ቀጭ ብሎ ካቆመ በኋላ "ትንሽ ልጨምር" አልልም። የሚጨመረው ቤንዚን በፈሳሽነቱ ካኒስተሩ ውስጥ ሊገባና ከሰሉን ሊያበላሸው ይችላል። ያኔ ጭስም፣ ፋሸታም፣ ሳሙናም አያድነውም፤ ካኒስተር መግዛት ነው።

የአክስቴ ልጅ ማዝዳ ላይ ሸረሪት አልተገኘም። የእሱ መብራትም ግን በርቷል፣ ፒ0441፤ የፐርጁ ፍሰት ልክ አይደለም ማለት ነው። ሐሙስ ማታ ፐርጅ ቫልቩን እናያለን፤ የእሱን ማስታወሻ ራሱ ይጻፍ።